ሻለቃና ሙሽሪት

ፀጉር ሠሪዋ ወደዚያ ቤት የገባችው በሁለት ሻንጣ፣ በአንድ ካስክና በአንዲት ድመት ነበር። ካስኩ ከፀጉር ቤቷ የተረፈ፣ ራስ ላይ ተደፍቶ ፀጉር የሚያደርቅ አሮጌ ዕቃ ነው፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራላት ማንም አልጠየቃትም። ድመቷ ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ ተጠቅልላ፣ በሩን ተደግፋ የቆመችውን የቤቱን ልጅ ትክ ብላ ታያለች። የቤቱ ልጅም መልሳ ገረመመቻት።

የቤቱ ልጅ ሲባል ሕፃን እንዳይመስላችሁ። ፋርማሲስት ናት፤ ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ነጭ ጋዋኗን ለማንም ሳትሰጥ ራሷ የምትተኩስ፣ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻ ነበር የምትኖረው። አባትየው ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ የራሱን ልክ ሳያውቅ አረጀ፤ ይህን ያለችው ልጁ ናት፣ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የመጣ ዕለት።

ነገሩን የነገራት ሻይ እያማሰለ ነበር። "ሰው አግኝቻለሁ" አለ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ። "ፀጉር ቤት አላት። ደግ ሴት ናት። ትወጃታለሽ።"

"ፀጉር ቤት" አለች ፋርማሲስቷ። አባባሏ የሞተ አይጥ በጅራቱ አንጠልጥሎ ወደ ውጭ እንደሚጥል ሰው ነበር።

ሴትዮዋ ከገባች በኋላ የሚያናድዳት ነገር አላለቀም። ሳቋ ከጓሮ ተነስቶ እመንገድ ድረስ ይሰማል። ፀጉር የምትጠቀልልባቸው ቢጎዲኖቿ መታጠቢያ ቤቱን ወረሩት። ሬዲዮ ሲያወራ እሷም ትመልስለታለች። አባትየው ደግሞ፣ ያ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አፉን የማይከፍት ሰው፣ የማያስቅ ቀልድ ሲሰማ ጉልበቱን እየመታ ይንከተከታል። ፋርማሲስቷ ከንፈሯን ጥላ ታየውና "ሽማግሌ ሲጃጃል" ብላ በልቧ ትፈርዳለች።

"እትዬ በያት እንጂ፣ ምን ይጎዳሻል?" ብሎ ለመናት አንድ ቀን።

"እርስዎ እላቸዋለሁ። ይበቃቸዋል።"

እውነትም "እርስዎ" ትላት ነበር፤ ሴትዮዋ እንዳትቀርባት። ፀጉር ሠሪዋ ግን ነገሩ አልገባትም፣ ወይም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። "አንቺ የኔ ቆንጆ፣ ቁርስ በላሽ?" ትላታለች በየጠዋቱ፣ ጭንቅላቷን ለማሻሸት እጇን እየዘረጋች። ፋርማሲስቷ ጭንቅላቷን ትሰበስባለች።

አሁን ወደ ቡችላው እንምጣ። ቡችላው የፋርማሲስቷ ነው። የአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ውሻ ወልዳ ቡችሎቹን የሚወስድ ሰው ሲጠፋ፣ "እስኪ አንዱን ለጥበቃ" ብላ ወሰደችው። ቢጫ ነው፤ እግሮቹ ለሌላ ለትልቅ ውሻ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ሲሮጥ ይደናቀፋል። ደረቱን ነፍቶ ሲቀመጥ አባትየው አይቶ "ሻለቃ" አለው። ፋርማሲስቷ ከእንስሳ ጋር የሚያወራ ሰው ስታይ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሳለቅ ኖራለች። አሁን ግን ቤቱ ባዶ ሲሆን ጫማዋን እያወለቀች የቀኑን ሁሉ ለሻለቃ ትነግረዋለች፦ ማን ሐኪም ያላዘዘለትን መድኃኒት ካልሰጠሽኝ ብሎ እንደተከራከራት፣ ማን ደደብ እንደሆነ። አብዛኛው ሰው ደደብ ነበር። ሻለቃ ጭራውን እየቆላ ይሰማታል።

የድመቷ ስም ሙሽሪት ነው። ፋርማሲስቷ ይህን ስትሰማ "በአንድ ቀን ሁለት ሙሽራ ገባልን በሉኛ" አለች። አባትየው የቀለደች መስሎት ሳቀ። ሙሽሪት ለሙሽራነት አትመችም ነበር፤ አመድማ፣ ሰፊ ፊት፣ አንድ ጆሮዋ የተሸረከተ፣ ሰውን ሁሉ ጥፋተኛ አድርጋ የምታይ ድመት ናት። እንዲያውም በዚያ ቤት ውስጥ በአስተያየቷ ፋርማሲስቷን የምትመስል እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን ግን ፊት ለፊት ሊናገር የደፈረ አልነበረም።

ሁለቱን እንስሳት ላስተዋውቅ ያለው አባትየው ነው። ሴትዮዋና ድመቷ የመጡ ዕለት ቅርጫቱን ሳሎኑ መሐል አስቀመጠና፣ "ዓይን ለዓይን ከተያዩ ያበቃል፤ እንስሳ እንደ ሰው ቂም አይዝም" ብሎ ክዳኑን ፈታው።

"ኧረ ቆይ! እንዲህ አይደለም፣ ኧረ በናትህ!" ብላ ፀጉር ሠሪዋ ከጓዳ ስትሮጥ ነገሩ ካለፈ በኋላ ደረሰች። ሻለቃ በደስታ ዘለለ። ሙሽሪት እንደ ተተኮሰ ነገር መጋረጃው ላይ ወጣች፤ መጋረጃው ከነብረቱ ወረደ፤ ብረቱ አበባ ማስቀመጫውን ጠረገው፤ ሻለቃ በድንጋጤ በአባትየው ጫማ ላይ ሸና። ፋርማሲስቷ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ሁሉንም አየች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"በጣም ጥሩ ትውውቅ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ ፀጉር ሠሪዋ ነገሩን ራሷ ያዘችው። ድመቷን የኋላ ክፍል አስገብታ በሩን ቀረቀረች። የድመቷን ገላ በፎጣ አሽታ ፎጣውን ከሻለቃ ሳህን ሥር አነጠፈች፤ የሻለቃን ጨርቅ ደግሞ ለድመቷ ወሰደችላት። "መጀመሪያ በአፍንጫቸው ይልመዱ" አለች። ቀጥሎ ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ አንዱን ከበሩ ወዲህ ሌላዋን ከበሩ ወዲያ ታበላቸው ጀመር። ሻለቃ በሩ ሥር አፍንጫውን ከትቶ ሲያነፈንፍ ከወዲያ "እህህህ" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እሱም ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ድምፁ እየቀነሰ ሲመጣ በሩን በጥቂቱ ከፈተችና እንዳይሰፋ ወንበር አስደገፈችበት። ሻለቃን በገመድ ይዛ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ድመቷን አይቶ ዝም ሲል፣ ወይም ፊቱን ወደ ሴትዮዋ ሲመልስ፣ የተቀቀለ ዶሮ ቁራጭ ታጎርሰዋለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋን በማንኪያ እጀታ ነበር የምታወልቀው። ግን አንድም ማታ አልዘለለችም።

"ለድመት ጫጉላ ቤት" ትላለች ፋርማሲስቷ በኮሪደሩ ስታልፍ። "ቀጥሎ ሽማግሌ ይላክ ይሆናል።"

"ሳቂ አንቺ" ትላለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ቅር ሳይላት። "ነይ ቁጭ በይና እንያቸው።"

"ሥራ አለብኝ።"

ሥራ አልነበረባትም። ክፍሏ ገብታ ጆሮዋን ትጥላለች። ሴትዮዋ ለሻለቃ "ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ፣ እንዲህ ነው እንጂ" ስትለው ትሰማለች። ነገሩ ደግሞ እየሠራ ነበር፤ ያ ነው አንጀቷን ያሳረራት። ሻለቃ በሩ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ተማረ። ሙሽሪትም ወደ ክፍተቱ እየቀረበች፣ እየተዛጋች፣ ጀርባዋን ሰጥታ መላስ ጀመረች። አንድ አመሻሽ ፋርማሲስቷና ፀጉር ሠሪዋ ከግቢው በር ላይ ተገጣጥመው አብረው ገቡ። ሻለቃ እየተደናቀፈ ሮጠ፤ ሮጠና በፋርማሲስቷ እግር አጠገብ አልፎ በፀጉር ሠሪዋ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመ።

"ዶሮው ነው" አለች ፀጉር ሠሪዋ ቶሎ ብላ። "እጄ ዶሮ ዶሮ ስለሚሸተው ነው።"

ለማጽናናት ነበር ያለችው። ፋርማሲስቷ በእንዲህ ዓይነት ሴት መጽናናቷን ከስድብ ቆጠረችው።

የእረፍት ቀን ነበር። ባልና ሚስት ፍራሽ ሊመርጡ ወጡ፤ አዲስ ፍራሽ፣ በዚህ ዕድሜያቸው! ፀጉር ሠሪዋ ከበር ተመልሳ፣ "አደራሽን የኋላውን ክፍል በር እንዳትከፍቺው፣ የኔ ቆንጆ። ትንሽ ነው የቀራቸው፤ አሁን ከተጣሉ ሁሉም ነገር ገደል ይገባል" አለቻት።

ፋርማሲስቷ ብቻዋን ስትቀር ሻይ አፈላች፣ አልጠጣችውም። ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ተንጎራደደች። ፎጣና ዶሮ እያሉ የሚንደፋደፉት ሁለት ጅሎች ልክ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው የምከፍተው ብላ ለራሷ ነገረች። ከዚያ ሥር ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት፦ ድመቷ ደንግጣ ትሄዳለች፤ ድመቷን ተከትላ ባለቤቷም ትሄዳለች፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። መቀርቀሪያውን ሳበች። ወንበሩን አነሳችና ቦታው መለሰችው። የሻለቃን ገመድ ፈትታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ሻለቃ መጀመሪያ እንደተማረው በሩ ላይ ቁጭ አለ። ቀና ብሎም አያት፤ ዶሮ ይጠብቅ ነበር።

"ግባ እንጂ" አለችው። "ምን ይገትርሃል? ግባ!"

በእግሯ ገፋ አደረገችው። ገባ። ሙሽሪት አልጋ ሥር ጥግ ያዘች፤ ሻለቃም ጨዋታ መስሎት ጭራውን እየቆላ ተከትሏት ገባ። ምን እንደሆነ አልታየም። አንድ ጩኸት ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ አመድማው ነገር በእግሯ መሐል ሾልኮ፣ በኮሪደሩ፣ በጓዳው፣ በተከፈተው የጓዳ መስኮት ወጣ። ሻለቃ ግን ከአልጋው ሥር በሆዱ እየተሳበ ነው የወጣው። ግራ ዓይኑን ጨፍኖታል፤ ከሥሩ ደም የቀላቀለ እንባ ይወርዳል። ወደ ማንም አልሮጠም። ወደ እሷ መጣና ግንባሩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈ።

የእንስሳት ሐኪሙን ክሊኒኩ ውስጥ ዳቦ ሲበላ አገኘችው። ዳቦውን አስቀምጦ እጁን ታጠበ፤ ሻለቃን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ በትንሽ መብራት አየው።

"ምን አገኘው?"

"ድመት ቧጨረችው።"

"ማን አገናኛቸው?"

"በሩ ተረስቶ ተከፍቶ ነበር።"

ሐኪሙ ቀና አለ። "በር ራሱን አይከፍትም እመቤት" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። የዓይኑ ብሌን ተጭሯል፤ አይጠፋም፣ ጠባሳ ግን ይቀርበታል፤ ቅባቱ ሳይቋረጥ ይደረግለት። ቅባቱን እንዴት እንደምትቀባው ሲያስረዳት "ፋርማሲስት ነኝ" አለችው። "እንግዲያማ" አለ ሐኪሙ፣ ዳቦውን እያነሳ። ያን "እንግዲያማ" መንገዱን ሁሉ ስትጠላው ሄደች።

ቤት ስትደርስ ባልና ሚስቱ ተመልሰዋል። የተከፈተውን በር አይተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

"እርስዎ ረስተውት ነው የወጡት" አለች ፋርማሲስቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ድመቷ ዓይኑን ልታወጣው ነበር።"

አባትየው ወደ ሚስቱ ዞረ። "ምን ዓይነት ግድየለሽነት ነው? ስንት ጊዜ ነው የተለፋበት! አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ይዘጋ ስትይ የከረምሽው?" እያለ ጮኸባት። ፀጉር ሠሪዋ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ገመድ አየች። ቦታው የተመለሰውን ወንበር አየች። መጨረሻ ላይ ፋርማሲስቷን አየቻት፤ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ አንስቶ እንደሚመለከት ሰው።

"ረስቼው ይሆናል" አለች። "እርስዎም ደክሞዎታል። ይረፉ።"

እርስዎ! ፋርማሲስቷ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከውጭ ሴትዮዋ በየመንገዱ "ሙሽሪት! ሙሽሪት!" እያለች ስትጣራ፣ ከየበረንዳው ሰው ሲስቅባት ይሰማል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ጉድ ነው" ብላ መስኮቱን ትዘጋ ነበር። መስኮቱን አልዘጋችም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ከአባቷ ጋር ለብቻቸው ሆኑ። ሴትዮዋ ሳትበላ ወጥታለች።

"ትናንት እንደዚያ መጮህ አልነበረብህም" አለች ፋርማሲስቷ።

"ማን ላይ?"

"ሚስትህ ላይ።"

አባትየው ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰ። "በሩን ቀርቅሬ የወጣሁት እኔ ነኝ" አለ። "ሄጄም ነቅነቅ አድርጌ አይቼዋለሁ።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን እሷ ላይ ጮህክ?"

"አንቺ ላይ መጮህ እፈራለሁ" አላት። ይህን ሲል አላፈረም፤ የመሬት ስፋት እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። "ከሥራ ስትመጪ የበሩን ድምፅ ስሰማ ሬዲዮ እቀንሳለሁ። ስቄ ከሆነ አቆማለሁ። ማታ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የልጄ ሥራ ነው አልኳት። 'አውቄያለሁ፣ ተዋት' አለችኝ።"

ፋርማሲስቷ አባቷን ፈሪ ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ያቺ "ተዋት" መንገድ ላይ ያዘቻት። እሷ ራሷ ስንቱን ሰው "ተዉት" ብላዋለች! የማይረባ ሰው ነው የሚተወው። ለካ ሲባሉት እንዲህ ነው። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ዕለቱን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንደ ወትሮዋ አልሆነችም። ከቀትር በኋላ አንድ መካኒክ እጁን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ መጣና የቁስል ፕላስተር ጠየቃት። ጨርቁን ስትፈታው ትይዩ የሆኑ ጭረቶች አየች።

"ምን ነካህ?"

"ኧረ አንዲት አመዳም ድመት ናት። የተጋጨች መኪና ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ዓሣ ብንሰጣት ዓሣውን በላች፤ እኛን ደግሞ እንዲህ አደረገች።"

"ጆሮዋ የተሸረከተ ነው?"

መካኒኩ ሳቀ። "ዘመድሽ ናት እንዴ?"

ጋራዡ ከቤታቸው ብዙም አይርቅም። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይዛ ከነጋዋኗ ሄደች። መካኒኮቹ ሥራቸውን አቁመው ከበው ያዩዋት ጀመር። መኪናዋ ፊቷ የተጨፈለቀ፣ መስታወቷ የረገፈ ናት፤ ሙሽሪት ከኋላ ወንበር ሥር ተሸጉጣለች። ፋርማሲስቷ መስታወቱ በረገፈው መስኮት ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እግሯ ውጭ እንደተንጠለጠለ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ድመቷ ቀኝ እጇን ቧጨረቻት፣ ግራውን ነከሰቻት። ፋርማሲስቷ ግን አልለቀቀቻትም። "ይበለኝ" እያለች ጎትታ አወጣቻትና ካርቶኑ ውስጥ ከተተቻት። ጋዋኗ ግራ ጎኑ ግሪስ፣ እጅጌው ደም ሆኗል። ከኋላዋ አንዱ አጨበጨበ፤ ዞራ ገላመጠችው።

ወደ ቤት አልሄደችም። ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች፤ ገብታበት አታውቅም። ሁለት ሴቶች ካስክ ሥር ተቀምጠዋል፣ አንዷ ደግሞ ራሷን ወደ ኋላ ሰጥታ ትታጠባለች። ፀጉር ሠሪዋ ከአረፋው ውስጥ እጇን ሳታወጣ ቀና አለች።

"ቀጠሮ አለዎት?"

ፋርማሲስቷ ካርቶኑን ከፍ አደረገችው። ከውስጥ የታወቀ እርግማን ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ አረፋውን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ክዳኑን ገልጣ ፊቷን ከተተች። ሲወጣ ፊቷ ረጥቦ ነበር፤ አመሰግናለሁ ግን አላለችም።

"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለች ፋርማሲስቷ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ። ካስክ ሥር ያለችው አንደኛዋ ሴት ካስኩን ቀና አድርጋ "ምን አለች?" አለች።

"ምንም" አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ካስኩን መልሳ ደፋችባት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ለምን ከፈቱት?"

"እንድትሄዱልኝ።"

"ድመቷ ናት ወይስ እኔ?"

"ሁለታችሁም።"

ፀጉር ሠሪዋ የካርቶኑን ክዳን መልሳ ዘጋች። "ደግ። ከገባሁ ጀምሮ ዛሬ ገና አንድ እውነት ነገሩኝ" አለች። "ግን አልሄድም። ፍራሹም ተገዝቷል። ሳሙናው እዚያ ጋ ነው፤ እጅዎን ይታጠቡ፣ የድመት ንክሻ ያመረቅዛል።"

"አውቃለሁ፤ ፋርማ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ሄዳ ታጠበች።

ይቅር ተባብለው ተቃቀፉ እንዳልላችሁ፣ አልተቃቀፉም። ፋርማሲስቷ ያን ሳቅ እስካሁን አልወደደችውም፤ ቢጎዲን ባየች ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች። ፀጉር ሠሪዋም ልስላሴዋን ቀንሳለች፤ ነገር ከተነሳ ትመልሳለች። ግን የሻለቃ ዓይን ቅባት ያስፈልገው ነበር፤ ሻለቃን ይዞ ደግሞ መቀባት ለአንድ ሰው አይቻልም። ሳይነጋገሩ አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ትቀባለች። የኋላው ክፍል በርም እንደገና ተዘጋ፤ ፎጣው፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ከሀ ተጀመረ። ከበፊቱ ረዘመ፤ ሻለቃ አሁን በሩን ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበርና። ገመዱን የምትይዘው ፋርማሲስቷ ሆነች። መሬት ላይ መቀመጥ ለጋዋኗ አይመችም፤ አውልቃ ትቀመጣለች። አባትየው ሊያግዝ ሲመጣ ሁለቱም በአንድ አፍ ወደ ጓዳ ይመልሱታል። አንድ ጊዜ ከጓዳው ሲስቅ ሰማችው፤ ሬዲዮው ከፍ ብሏል። ዝቅ አድርግ አላለችውም።

ገመዱ የተፈታ ዕለት ሙሽሪት ከክፍሉ ወጣች። ቀጥ ብላ ሻለቃ ጋ መጣች፣ ጆሮውን አሸተተች፣ ጥፍሯን ሳታወጣ አንድ ጊዜ አፍንጫውን በጥፊ አለችውና ሄዳ ከሳህኑ በላችበት። ሻለቃ፣ ነጭ ነጥብ በቀረችበት ዓይኑ ጭምር፣ ምግቡ ሲበላ አየ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ተኛ።

"ምን ዓይነት ፈሪ ውሻ ነው!" አለች ፋርማሲስቷ።

"ብልህ ነው" አለች ፀጉር ሠሪዋ። ለመነሳት ሞክራ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። "ያንሱኝ እስኪ፣ እግሬ ደንዝዟል።"

ፋርማሲስቷ ሁለት እጇን ሰጥታ ሳበቻት።

"ከባድ ነዎት" አለቻት።

"አውቀዋለሁ" አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ያ ሳቋም እመንገድ ድረስ ተሰማ።